የዕቁቡ ካሜራ



በአንድ ቤት ውስጥ አባትንና ልጅን የሚያከራክሩ ነገሮች ብዙ ናቸው። የትምህርት ጉዳይ አለ፣ የጓደኛ ጉዳይ አለ፣ አምሽቶ የመግባት ጉዳይ አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በእኛ ሰፈር አንድ አዲስ መከራከሪያ ተጨምሯል፤ እርሱም ካሜራ ነው። ካሜራ ስል በየሰው ኪስ ያለውን የስልክ ካሜራ ማለቴ አይደለም። ሌንሱ የሚፈታውን፣ በአንገት የሚንጠለጠለውን፣ ዋጋው የአንድ ቤተሰብ የብዙ ወር ቀለብ የሚሆነውን ማለቴ ነው።

እሑድ እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ አትክልት ተራ፣ ወደ መርካቶ በሚወስደው በኩል ካለች አንዲት ሻይ ቤት አምስት ወይም ስድስት ወጣቶች ይሰበሰባሉ። አንዱ ስልክ ይጠግናል፤ አንዱ ከአጎቱ ጋር ጨርቅ ይሸጣል፤ አንዲቱ የፋርማሲ ተማሪ ስትሆን ከወንድሟ ጋር ትመጣለች። ሁለቱን እኔው ፊዚክስ አስተምሬያቸዋለሁ። የሚያነሱት ፎቶ የሰርግ ወይም የልደት አይደለም፤ ተራራ፣ ሐይቅ፣ ገደል፣ ደመና፣ የከተማ ጣራ ነው። እኔም ከመድረሳ ስወጣ አልፎ አልፎ ጎራ እላለሁ። ወሬያቸው ሁሉ ሁለት ጥያቄ ነው፦ «ቀጥሎ ምን ልግዛ?» እና «ቀጥሎ የት እንሂድ?» ታዲያ ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ሰዓት ይሰጡትና ሁለተኛውን ሒሳብ እየከፈሉ፣ ቆመው ይጨርሱታል።

ከእነዚሁ ልጆች መካከል አንዱን ዕቁብ ደረሰው። አባቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሽንኩርት ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዕቁቡን በልጃቸው ስም የገቡትም እርሳቸው ሲሆኑ ሐሳባቸው በገንዘቡ አንድ አነስተኛ ንግድ እንዲጀምር ነበር። ልጁ ግን ያለውን ካሜራ ሸጦ፣ የዕቁቡን ገንዘብ ጨምሮ «ፉል ፍሬም» የሚባለውን ትልቅ ካሜራ ሊገዛ ቆርጦ ተነሳ። አባትየው ከመግሪብ በኋላ መስጂድ በር ላይ ያዙኝና፣ «ኡስታዝ፣ አንተ ሁለቱንም ተምረሃል፤ ቁርኣኑንም ፊዚክሱንም። ይህን ልጅ እስቲ አነጋግርልኝ። ሚዛን ቢቀየር ሽንኩርቱ ይጨምራል እንዴ?» አሉኝ።

አነጋገራቸው ደስ አሰኘኝ። ይሁን እንጂ ደስ ያሰኘ ንግግር ሁሉ ትክክል ነው ማለት ስላልሆነ ነገሩን እንደ ሒሳብ ጥያቄ ቁጭ ብዬ ማየት ነበረብኝ።

ልጁ ያለው ኒኮን ዲ 3500 ከነ 18–55 ሌንሱ ነው። ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሲሆን 24 ሜጋ ፒክስል አለው። ይኸውም አንድ ፎቶ 6000 በ4000 ነጥብ ይሆናል ማለት ነው። በጥሩ ጥራት ቢታተም ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሥዕል ይወጣዋል። ለመሆኑ ከመካከላችን ግማሽ ሜትር ፎቶ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ስንት ሰው አለ? ልጁ ራሱ እስከዚያች ቀን ድረስ አንድም ፎቶ በወረቀት አሳትሞ አያውቅም ነበር።

ሊገዛው ያሰበው ካሜራ የሚበልጠው ብርሃን በሚቀበለው ሰሌዳ፣ እነርሱ ሴንሰር በሚሉት ነው። የዲ 3500ው 24 በ16 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የፉል ፍሬሙ 36 በ24 ነው፤ ስፋቱ ከእጥፍ ይበልጣል። በክረምት ከጣራ አሸንዳ ሥር ጀሪካንና በርሜል ብታስቀምጡ፣ አፉ ሰፊ የሆነው በርሜል በአንድ ዶፍ ብዙ ውኃ ይይዛል። ሴንሰርም እንዲሁ ነው። ብርሃን በሌለበት አዳራሽ ውስጥ የሚንቀሳቀስን ሰው ለማንሳት ሰፊው ያሸንፋል። ስለዚህ ልጁ ማታ ማታ ሰርግ እየዞረ ሊያነሳና ሊተዳደርበት አስቦ ቢሆን ኖሮ ከአባቱ ጋር በተከራከርኩለት ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ትልቁ ካሜራ እንደ ነጋዴ ሚዛን ብቻ ሳይሆን እንደ ሱቁ መብራት ነው። «ሰርግ ታነሳለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አላነሳም ኡስታዝ፤ እኔ የምፈልገው ተራራ ነው» አለኝ።

ተራራ ደግሞ አይሮጥም። ካሜራው በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ከተቀመጠ ሁለት ሰከንድም አራት ሰከንድም ከፍቶ መጠበቅ ይቻላል፤ ጀሪካኑም ረዘም ላለ ጊዜ ከተተወ ይሞላልና። ሌንሱን እስከ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 አጥብበው ሲያነሱ ርካሹም ሌንስ ከዳር እስከ ዳር ይጠራል። ስለዚህ ለመልክዓ ምድር ፎቶ ቀድሞ የሚያስፈልገው የማይነቃነቅ መቆሚያ፣ ሰፋ አድርጎ የሚያይ ሌንስና ማልዶ መነሳት ነው። ከእነዚህ የመጨረሻው በገንዘብ አይገዛም። በነገራችን ላይ ከልጆቹ ሁሉ ጥሩ ዓይን ያላት ያቺው የፋርማሲ ተማሪ ናት፤ ካሜራዋ ደግሞ ከሁሉም ያረጀው ነው።

ሌላም ያላሰቡት ነገር አለ። ካኖንና ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2018 መስተዋት የሌላቸውን «ሚረርለስ» ካሜራዎች ከአዲስ የሌንስ መግጠሚያ ጋር አወጡ። ከዚያ ወዲህ የኩባንያዎቹ ትኩረት ወደዚያው ዞሯል። የድሮው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ በማገናኛ ካልሆነ አይገጥምም፤ ለትንሹ ሴንሰር የተሠራው ሌንስ ቢገጥም እንኳ የትልቁን ሴንሰር ዳርቻ አይሸፍንም። ስለዚህ ካሜራ የቀየረ ሰው ሌንስ ይቀይራል፣ ባትሪ ይገዛል፣ ፋይሉ ስለሚከብድ ሜሞሪ ካርድና ማስቀመጫ ዲስክ ይጨምራል። አንድ በር ሊቀይር የተነሳ ሰው ጣራውንም እንዳፈረሰ ማለት ነው። በአንጻሩ ዓለም ወደ አዲሱ በመሮጡ የቀድሞው ዓይነት ካሜራና ሌንስ በሁለተኛ እጅ ገበያ በቅናሽ ይገኛል፤ ለእኛ ዓይነቱ ኪስ ይህ ሲሳይ ነው።

ዋጋውንስ ማን ያነሳዋል? ካሜራ በአገራችን አይሠራም፤ በዶላር ይገዛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አልፏል። በዚያ ክረምት «ትንሽ ልጠራቅምና እገዛለሁ» ብለው የቆዩት ልጆች፣ እነርሱ አንድ እርምጃ ሲጠጉ ዕቃው ሁለት እርምጃ ሸሻቸው። ብዙው ካሜራ በመንገደኛ ሻንጣ ስለሚገባ ዋስትና የለውም። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ በውስጡ ሻጋታ አለመኖሩን ይመልከት፤ በክረምት ቁም ሣጥን ውስጥ ታሽጎ የከረመ ሌንስ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ነገር ያበቅላል። ከዚያም ሌንሱን እስከ ኤፍ 16 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ያንሳ፤ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ተቀምጧል። መርካቶ መሐል ቆሞ ሌንስ የሚፈታ ሰው ይህን አቧራ በነፃ ይወስዳል። ካሜራው ስንት ጊዜ እንደተተኮሰም ይጠየቅ፤ የዲ 3500 መዝጊያ ለመቶ ሺህ ጊዜ ያህል ተብሎ የተሠራ ነው።

የልጁ እናት ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበራቸው። «ሥዕል ነውና በአላህ ዘንድ እንዳይጠየቅበት» ይላሉ። ጥያቄው በብዙ ቤት ስላለ በአጭሩ ላንሳው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት መሠረት፣ ሥዕል እየሠራ የሚተዳደር አንድ ሰው ኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ.) ስለ ሥራው በጠየቃቸው ጊዜ ነፍስ ያለውን መሳል የሚያስከትለውን ተጠያቂነት ነግረውታል፤ የግድ ከሆነበት ግን ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ መክረውታል። በካሜራ የሚነሳውን ምስል በተመለከተ የዑለማዎች ሐሳብ ይለያያል። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ፣ ፎቶግራፍ ጥላን ይዞ ማቆየት እንጂ እንደ ሠዓሊው ቅርጽ መፍጠር አይደለም ብለው ፈቅደው ጽፈዋል። አጥብቀው የከለከሉም አሉ። ክርክሩ ግን በሰውና በእንስሳ ምስል ላይ ነው፤ ኮረብታና ሐይቅ ጋ አይደርስም። እናትየው ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያውስ ተራራውን ያንሳ፤ ዕቁቡን ግን አያንሳ» ብለው አሳቁን።

ለነገሩ ካሜራ ለሙስሊሙ ባዕድ ዕቃ አይደለም። በበስራ ተወልዶ በካይሮ የሞተው ኢብኑል ሀይሠም ከሺህ ዓመት በፊት ስለ ብርሃንና ስለ ማየት በጻፈው ታላቅ ሥራ ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝና በትንሽ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን መርምሯል። የፀሐይ ግርዶሽ ምስል በቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚይዘው ቅርጽ ደግሞ ለብቻው ጽፏል። ካሜራ የሚለው ቃል ራሱ በላቲን ክፍል ማለት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት በሆነችበት ግርዶሽ ጊዜ፣ እዚህ አዲስ አበባ ላይ ከፊሉ ታይቶ ነበር። ትምህርት ቤት በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር የጎረቤት ልጆችን ግቢ ውስጥ ሰብስቤ የቲማቲም ካርቶን በመርፌ በሳሁላቸው። በካርቶኑ ወለል ላይ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ፀሐይ ስትወርድ ልጆቹ ጮኹ። ሌንስ የለ፣ ባትሪ የለ፤ ካሜራ ማለት በመሠረቱ ያ ነው።

በአገራችንም ነገሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ሐረር ላይ በንግድ ሲኖር ካሜራ ከአገሩ አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 ፎቶ አንሥቷል። የራሱን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ሲልክ ማጠቢያ ውኃው መጥፎ በመሆኑ ምስሎቹ እንደነጡበት ጽፎላቸዋል። የዕቃ ነገር ያኔም ያስመርር ነበር ማለት ነው! በአዲስ አበባ ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ለቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ሆነው ለዓመታት ሠርተዋል። እነዚህ ሰዎች የተዉልን ከከበደ ሣጥንና ከመስተዋት ሰሌዳ የወጣ ነው። ዛሬ አንድ የስልክ ጠጋኝ ልጅ በእጁ የያዘውን ዓይነት መሣሪያ አንዳቸውም በሕልማቸው አላዩትም።

እንግዲህ የት እንሂድ ወደሚለው ልመለስ፤ ለእኔ ጣፋጩ እርሱ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች። አውሮፓውያን ፎቶ አንሺዎች ሲያሞግሱት የምንሰማው ለስላሳና ወርቃማ ብርሃን እኛ ዘንድ ቶሎ ያልፋል። ከፍታችን 2,400 ሜትር አካባቢ በመሆኑም ረፋድ ላይ ብርሃኑ ይከርራል፤ ጥላው ከሰል ይሆናል፣ ሰማዩ ይነጣል። ስለዚህ በእኛ አገር ለመልክዓ ምድር የሚሆነው ጊዜ ጠዋትና ማታ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሱብሒን ለሰገደ ሰው ይህ ምንም አያስቸግርም። ሌላው ከእንቅልፉ ሳይነቃ እርሱ ነቅቶ፣ ታጥቦ፣ ሰግዶ በመንገድ ላይ ነው።

ከሱብሒ በኋላ በቅርቡ የሚደረሰው እንጦጦ ነው። ከፍታው 3,200 ሜትር ያህል ሲሆን ከተማው በሙሉ በስተደቡብ ተዘርግቶ ይታያል፤ ፀሐይዋ ከግራ ትመጣለች። የማድቤቱ ጢስ ከጣራዎቹ በላይ እንደ ነጠላ ሲዘረጋ ማየት ነው። ወሩ ግን ይመረጥ። በመስከረምና በጥቅምት ዝናቡ አየሩን አጥቦት ስለሚወጣ ከእንጦጦ እስከ ዝቋላ ድረስ ጥርት ብሎ የሚታይበት ቀን አለ። ኅዳር ሲታጠን በሚባለው በኅዳር 12 ዋዜማና ማግስት ግን ከየሰፈሩ በሚወጣው የቆሻሻ ጢስ ከተማው ይሸፈናል። ጭጋግ መስሎት የሚያነሳ አለ፤ ቤቱ ገብቶ ሲያየው ግራጫ ብቻ ነው።

በስተምዕራብ የወጨጫ ተራራ አለ፤ 3,300 ሜትርን ያልፋል። በጎኑ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን አሮጌ ጥዶች የሞሉበት ሲሆን ብርሃን በግንዶቹ መካከል ሲገባ ካሜራው ግራ ይጋባል፦ ጨለማውን ልያዝ ወይስ ብርሃኑን? ለእንዲህ ያለው ቦታ ደመናማ ቀን ይሻላል። በስተደቡብ ቢሾፍቱ ሐይቆቿን ይዛ ተቀምጣለች። ባሌ ሲኬድ ደግሞ የሶፍ ዑመር ዋሻ አለ። የወይብ ወንዝ ድንጋዩን ቦርቡሮ የሠራው ይህ ዋሻ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይባላል፤ ስያሜውም በዚያ ከኖሩት ሸይኽ ሶፍ ዑመር ነው። እዚያ ውስጥ ምሰሶዎቹን ለማንሳት ሠላሳ ሰከንድ ከፍቶ መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ፉል ፍሬም ይዞ መቆሚያ የሌለው ሰው ከሶፍ ዑመር ባዶውን ይመለሳል፤ አሮጌ ካሜራ ይዞ መቆሚያ ያለው ግን ምሰሶውን ይዞ ይመጣል። ስሜን ተራሮችን ሁሉም ይመኙታል፤ መንገዱና ጊዜው ሲፈቅድ ኢንሻአላህ። ድሮን የሚባለውን በራሪ ካሜራ ግን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ክልክል ስለሆነ ከዘመድ ሻንጣ ጋር አስመጣለሁ የሚል ቢኖር ይተወው።

ይህን ሁሉ ቦታ ሲዘረዝሩ ቆዩና አንድ እሑድ እኔ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «አትክልት ተራን ያነሳ አለ?»

ዝም አሉ። እዚያው ሰፈር ተወልደው፣ እዚያው አድገው፣ እዚያው ሻይ እየጠጡ፣ ገበያው በነበረበት ጊዜ የተነሳ ፎቶ ያለው አንድ ብቻ ተገኘ፤ እርሱም ያው ዕቁቡ የደረሰው ልጅ ነው። ስልኩን ከፍቶ አሳየን። ታናሽ ወንድሙ ማንጎ ይበላል፤ ከኋላው የአባትየው ሚዛን ግማሹ ይታያል፤ አባትየው ራሳቸው የሉም፣ ክንዳቸው ብቻ ነው የገባው። ከሃያ ዓመት የአንድ ሰው የሥራ ዘመን የቀረው አንድ ክንድ ነው።

ገበያውን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ሌሊት አይሱዙዎቹ ተደርድረው ይገባሉ፤ ቲማቲሙ በእንጨት ሣጥን፣ ሽንኩርቱ በማዳበሪያ ከረጢት፣ ሙዙ ከነግንዱ። ተሸካሚው «ወገብ! ወገብ!» እያለ ያልፋል። ክረምት ሲሆን ጭቃውና የጎመን ቅጠሉ ተደባልቆ መሬቱ ይለሰልሳል። በመጀመሪያው ብርሃን ከጭቃው፣ ከአትክልቱና ከሰዉ ትንፋሽ የሚነሳው እንፋሎት የትኛውም ሐይቅ ላይ ካለው ጉም አያንስም ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ገበያው መጨናነቁ ተፈርቶ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተሻገረ። አልተመለሰም። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. አጠገባችን ያለው የፒያሳ አሮጌ ሰፈር ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ እሳት ተነሥቶ የብዙ ነጋዴ ንብረት ወደመ። ታክሲው ዛሬም «አትክልት ተራ» ብሎ ይጣራል፤ በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በዚሁ ስም የሚጠራ ጣቢያ አለው። ስሙ ቀረ፣ አትክልቱ ሄደ።

ይህ የእኛ ሰፈር ብቻ ጉዳይ አይደለም። በትግራይ የሚገኘው የነጃሺ መስጂድ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት ሲደርስበት፣ ከዚያ በፊት እንዴት እንደነበረ የሚመሰክሩት ቀደም ሲል የተነሱት ፎቶዎች ናቸው። እነዚያን ካነሱት ብዙዎቹ አላፊ እንግዶች እንደሚሆኑ እገምታለሁ። የአገሩ ልጅ ሁልጊዜ «ነገ አነሳዋለሁ፣ የት ይሄዳል?» ይላል።

ለልጁ ያልኩት ይህንኑ ነው። ተራራው የትም አይሄድም፣ አባትህ ግን በየቀኑ ሌሊት አሥር ሰዓት ይሄዳሉ፤ ሂድና አብረህ ውጣ፣ አልኩት። ስለ ካሜራውም የማስበውን ነገርኩት፦ መቆሚያና ያገለገለ 10–20 ሌንስ ግዛ፣ ቦዲው ይቆይ። አልወደደውም። ሁለት ሳምንት ያህልም ሻይ ቤቱ ሲመጣ ሰላምታውን አሳጥሮብኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መቆሚያውንና ሌንሱን ገዝቶ መጣ። ከዕቁቡ ሲሶውን እንኳ አልጨረሰም። በቀረው ገንዘብ ከስልክ ጠጋኙ ጋር ተሻርኮ ለጉርድ ፎቶና ለአልበም የሚሆን ማተሚያ ገዙ፤ አባትየው ንግድ ነው ብለው መረቁት፣ ልጁም የራሱን ተራራ ያትምበታል። ማታ ማታ ግን አሁንም የፉል ፍሬም ካሜራ ቪዲዮ እያየ እንደሚተኛ ወንድሙ ነግሮኛል።

ኃይሌ ጋርመንት በሄደበት ጠዋት ያመጣውን ፎቶ አብረን አየነው። ሰውን ከማንሳቱ በፊት ፈቃድ ጠይቋል፤ ይህ የግድ ነው። ነጋዴ ካሜራ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ገቢዎች መጣ ብሎ ነውና። ሴቶች አትክልት ሻጮች ዘንድ ሲደርስ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ያለፈበትም ቦታ አለ፤ አልከለከሉትም፣ ፊታቸው ግን አልፈቀደም። መልካም አደረገ።

የታተመውን ለአባቱ ሲያሳይ ግን አዲስ ጣጣ መጣ። «ይህ የእኔ ሽንኩርት አይደለም» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሽንኩርቱ የተነሳው በመኪናው ላይ በተወጠረ ሰማያዊ ሸራ ሥር ስለነበር ቀዩ ሽንኩርት ሐምራዊ ሆኖ ወጣ። ዓይናችን የሸራውን ቀለም ቀንሶ ያያል፤ ካሜራ ግን ያየውን ነው የሚመዘግበው። ለዚህ መድኃኒቱ በዚያው ብርሃን ውስጥ አንድ ነጭ ነገር አብሮ ማንሳትና በኋላ ኮምፒዩተር ላይ «ይህ ነጭ ነው» ብሎ መንገር ነው፤ ፎቶው «ሮው» በሚባለው ያልተነካ ፋይል ከተነሳ ደግሞ ማረሙ ይቀልላል። በሁለተኛው ጠዋት ልጁ የአባቱን ነጭ ኮፍያ ተበድሮ ሽንኩርቱ ላይ አስቀምጦ አነሳ። ቀለሙ ተስተካከለ። አባትየው አሁን ደግሞ ኮፍያዬ ሽንኩርት ሸተተ ይላሉ።

ልጆቹ ከረመዳን በኋላ ወንጪ ለመሄድ ተነጋግረዋል። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው ይህ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ የሚገኝበት ነው። አፋፉ ላይ ለመጀመሪያው ብርሃን ለመድረስ ከዋዜማው መሄድና እዚያው ማደር ያስፈልጋል። አንድ መቆሚያ ለስድስት ሰው ስለማይበቃ ተራ ለመያዝ ዕጣ ሊያወጡ ነው። አባትየውንም «ይምጡ፣ አብረን እንሂድ» ብለው ጋብዘዋቸዋል። እሑድ ሽንኩርት ይገባል፣ አልችልም ብለዋል።